የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ ትንሿን ቶርኖ ለማሻሻል ከየት ይጀመራል?

በዚህ ወር ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱንን ሦስት ደብዳቤዎች ይዘን ቀርበናል። ሦስቱም በቤት ውስጥ የሚሠራባትን ትንሽ ቶርኖ፣ ማለትም ብረት እያዞረች በቢላ የምትልግ ማሽን፣ የሚመለከቱ ናቸው፤ የመጀመሪያው ሰፋ ያለ ጉዳይ ስለሚያነሣ መልሱም ረዘም ብሏል።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እጄን አጣጥፌ ላለመቀመጥ ቻይና ሠራሽ ትንሽ ቶርኖ ገዝቼ ግቢዬ ውስጥ ባለች ክፍል፣ በእንጨት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫታለሁ። እስከ 180 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ብረት ታዞራለች፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል 350 ሚሊሜትር ርዝመት አላት፤ ሞተሯ 550 ዋት ነው። ለጎረቤቶቼ የውሃ ፓምፕ ቡሺንግና ቀጫጭን ዘንግ እሠራባታለሁ። ችግሬ ሁለት ነው። ብረት ስልግ ትጮኻለች፣ የተላገውም ገጽ ሞገድ ይይዛል፤ በዚያ ላይ ዘንጉ ብረቱን ጨብጦ ከሚያዞረው ቻክ በራቀ ቁጥር እየወፈረ ይሄዳል። አንድ ወዳጄ ኩሽኔታዎቿን ሾጣጣ ሮለር ባላቸው፣ ሞተሯንም ከፍ ባለ እንድቀይር ይመክረኛል። ገንዘቤ ውሱን ስለሆነ ከሁለቱ የቱን ላስቀድም?
አንባቢ፣ ሳቢያን

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፣ ሁለቱንም ለጊዜው ያቆዩዋቸው። ኩሽኔታና ሞተር መቀየር በጊዜው የሚጠቅም ሥራ ቢሆንም፣ የነገሩን ሁለት ችግሮች ግን በአብዛኛው የሚመነጩት ከሌላ ቦታ ነው። ትንሽ ቶርኖ ብዙ ጊዜ የምትጮኸው አቅም አንሷት ሳይሆን፣ ቢላው ብረቱን ሲጫን ቢላውን ከተሸከሙት ክፍሎች አንዱ በጥቂቱ ሸሽቶ ስለሚመለስና ይህ መሸሽና መመለስ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለሚደጋገም ነው። ስለዚህ አንድ ብር ከማውጣትዎ በፊት የሚሸሸው የትኛው ክፍል እንደሆነ ይወቁ። ለዚህ የሚያስፈልግዎ ማግኔት መቆሚያ ያለው ዳያል ጌጅ፣ ማለትም ጥቃቅን እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ ብቻ ነው፤ ከሌለዎት ከማናቸውም ማሻሻያ በፊት እሱን ይግዙ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ማሽኗን ከሶኬት ይንቀሉ። ከዚያ ማግኔቱን ሰረገላው በሚንሸራተትበት ሐዲድ ላይ ያስቀምጡና የጌጁን ጫፍ ቢላው ከታሰረበት ብሎክ ጋር ያገናኙ፤ ብሎኩንም በመዳፍዎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጫን ለቀቅ እያደረጉ መርፌውን ይመልከቱ። አንድ ወይም ሁለት መቶኛ ሚሊሜትር ቢንቀሳቀስ አያስጨንቅም። አሥር መቶኛ ያህል ከዘለለ ግን የጌጁን ጫፍ አንድ ደረጃ ወደ ታች፣ ማለትም ብሎኩ ወደ ተቀመጠበት ትንሽ ተንሸራታች፣ ቀጥሎም ከእሱ በታች ወዳለው፣ በመጨረሻም ወደ ዋናው ሰረገላ እያወረዱ ያንኑ ይድገሙ። መርፌው በድንገት ጸጥ ያለበትን ቦታ ልብ ይበሉ፤ የላላው መጋጠሚያ ከዚያ ቦታ በላይ ያለው ነው።

በእርስዎ ዓይነት ማሽን ላይ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው ከሁሉ በላይ ያለው፣ ማዕዘን ለመስጠት የሚዞረው ትንሽ ተንሸራታች ነው። በጎኑ በኩል ያሉትን ትናንሽ ቪቶች ዳዷቸውን አላልተው እጀታው በመጠኑ እስኪከብድ ድረስ አንድ በአንድ ያጥብቁ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማጥበቅ በውስጥ ያለውን ቀጭን ብረት ያጣምመዋል። የዋናው ሰረገላ የሥር መያዣዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ልል ሆነው መገኘታቸው የተለመደ ነው፤ ክፍተታቸውን ለማስተካከል ከለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ የተቆረጠ፣ ውፍረቱ አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ቁራጭ በቂ ሆኖ ያገለግላል። ቢላውም ከብሎኩ ከሚገባው በላይ ወጥቶ እንዳይሆን፣ ጫፉም ከዘንጉ መካከለኛ ነጥብ ጋር ትክክል እንዲሆን ይጠንቀቁ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ጩኸቱ ከቀጠለ፣ የመጀመሪያው እውነተኛ ማሻሻያዎ ርካሽና ብዙም የማይታይ ይሁን፦ ያንን የሚዞር ትንሽ ተንሸራታች አንሥተው በቦታው አንድ ድፍን የብረት ብሎክ ያስቀምጡ። ማዕዘን የሚያስፈልግበት ሥራ ሲመጣ ተንሸራታቹን መልሰው ያስሩታል፤ ለቀሩት ሥራዎች ግን ሁለት መጋጠሚያዎችን በአንድ ጊዜ አስወገዱ ማለት ነው። ብሎኩን በትክክል ለማስጠረብ ከከተማው ትልልቅ ማሽን ያላቸው ቤቶች ወደ አንዱ ይውሰዱት። ድሬዳዋ እኮ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ የሽመንደፈር ወርክሾፕ ዙሪያ ያደገች ከተማ ናት፤ ብረት የሚያውቅ ሰው በአገሩ አይጠፋም። የዚያ ዘመን ቶርኖዎች ያለ ጩኸት የሚልጉት በክብደታቸው ነው፤ የእርስዎ ማሽን 40 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆነች ክብደቱን ከውጭ ልናበድራት ይገባል። የእንጨቱን ጠረጴዛ ትተው ከአራት ማዕዘን ቱቦ ጠንካራ እግር ያስበይዱላት፣ በላዩ ወፍራም ላሜራ ይደረግ፣ የቱቦው ውስጥም በደረቅ አሸዋ ይሞላ። አሸዋ ንዝረትን ይውጣል፤ የደቻቱ ወንዝ ዳር ልጆች ደግሞ አሸዋ ከየት እንደሚገኝ አይጠይቁንም።

ወደ ሁለተኛው ችግር እንለፍ። ዘንጉ ከቻኩ ሲርቅ መወፈሩ በመጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ማሽኗን ሳይሆን ዘንጉን ራሱን ነው። በአንድ ጫፍ ብቻ የተያዘ ዘንግ ቢላው ሲጫነው ይታጠፋል፤ ነጻው ጫፍ ከቢላው ስለሚሸሽም በዚያ በኩል ወፍሮ ይቀራል። መታጠፉ በርዝመቱ ልክ ብቻ የሚጨምር አይደለም፦ ከቻኩ የወጣው ርዝመት እጥፍ ሲሆን መታጠፉ ስምንት እጥፍ ይሆናል፣ ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ አሥራ ስድስት እጥፍ። ስለዚህ ከውፍረቱ አራት እጥፍ በላይ የወጣ ዘንግ ሁሉ በጫፉ መሐል ቀዳዳ ተበጅቶለት በቴልስቶኩ፣ ማለትም ከቻኩ ትይዩ ባለው መደገፊያ፣ ሊደገፍ ይገባል። የፓምፕ ዘንግ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ እርስዎን የገጠመዎ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ማሽኗ ራሷ መጣመሟን ለመለየት ግን 25 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ 100 ሚሊሜትር ያህል አውጥተው ያስሩ፤ መሐሉን ዝቅ አድርገው ልገው በሁለቱ ዳር ቀለበት የመሰለ ከፍታ ይተዉ። ከዚያም ቢላውን ከቦታው ሳያንቀሳቅሱ በሁለቱም ከፍታዎች ላይ እጅግ ቀጭን ሽፋን ያንሡና በማይክሮሜትር ይለኩ። የውጭው ከውስጠኛው 0.04 ሚሊሜትር ቢወፍር፣ ቢላው በዚያ ርቀት ከዘንጉ መሐል የሸሸው የዚያን ግማሽ፣ 0.02 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን በቴልስቶኩ በኩል ካለው የማሽኗ እግር ወደ እርስዎ የሚያየውን በስስ ላሜራ ጥቂት ከፍ አድርገው ቡሎኑን ያጥብቁና ልኬቱን ይድገሙ። የውጭው ከፍታ የቀጠነ ከሆነ ደግሞ በዚያው ወገን የኋለኛውን ጥግ ያንሡ። በዚህ መንገድ የሚታረመው ጥቂት ስለሆነ፣ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ስፒንድሉን፣ ማለትም ቻኩን የሚያዞረውን ዋና ዘንግ፣ የተሸከመው ሳጥን ከሐዲዱ ጋር የታሰረባቸውን ቡሎኖች ማላላትና እሱን ማቅናት ያስፈልጋል፤ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው እንጂ ከባድ አይደለም።

አሁን ወደ ወዳጅዎ ምክር እንመለስ። ጌጁን ከቻኩ አጠገብ በታሰረ አጭርና ወፍራም ዘንግ ላይ አሳርፈው ዘንጉን በእንጨት ወደ ላይ ቢያነሡትና መርፌው ከሦስት መቶኛ ሚሊሜትር በላይ ቢንቀሳቀስ፣ ያኔ ስለ ኩሽኔታ መነጋገር እንችላለን። በዚህ ዓይነት ማሽን ውስጥ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ 6206 የሆነ ባለ ጥይት ኩሽኔታ ነው፤ የውስጥ ስፋቱ 30፣ የውጭው 62፣ ውፍረቱ 16 ሚሊሜትር። ወዳጅዎ የጠቀሱት ሾጣጣው 30206 በውስጥም በውጭም እኩል ሆኖ ውፍረቱ ግን 17.25 ስለሆነ፣ በስፒንድሉ ላይ ያሉት ማራራቂያ ቀለበቶች በዚያው ልክ ካልተላጉ አይገጥምም። እኛ የምንመርጠው 7206 የተባለውን ባለ ጥይት ኩሽኔታ ነው፤ በመጠኑ ከመጀመሪያው ጋር ፍጹም እኩል ሆኖ ከጎን የሚመጣን ግፊት በተሻለ ይሸከማል። ሁለቱን ፊታቸው ተቃራኒ ሆኖ መግጠም ግዴታ ነው። የስፒንድሉን ዳዶ ካጠበቁ በኋላ በከፍተኛ ፍጥነት ግማሽ ሰዓት ያህል ያዙሩት፤ ሳጥኑ ለብ ቢል መልካም ነው፣ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ግን ከልክ በላይ ጠብቋል። በድሬዳዋ የቀትር ሙቀት ብረቱ ሳይሠራም የሚሞቅ ስለሆነ ይህን ፈተና በማለዳ ቢያደርጉት ይሻላል።

ሞተሩን በተመለከተ ፍጥነቱን በትክክል እንደሚመርጡ ያረጋግጡ። በደቂቃ የሚያስፈልገውን ዙር ለማግኘት 318ን በመቁረጫ ፍጥነቱ፣ በሜትር በደቂቃ፣ አባዝተው በብረቱ ስፋት፣ በሚሊሜትር፣ ያካፍሉ። ለተራ ብረት በሀይ ስፒድ ስቲል ቢላ 25 ሜትር በደቂቃ ብንወስድ፣ 25 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ዘንግ 318 ዙር፣ 60 ሚሊሜትር የሆነው ደግሞ 132 ዙር ይፈልጋል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ የእርስዎ ሞተር በኤሌክትሮኒክስ ተገትቶ ወደ 130 ዙር ሲወርድ ጉልበቱም ማራገቢያውም አብረው ይደክማሉ፤ በድሬ ሙቀት ደግሞ ቶሎ ይግላል። መፍትሔው ትልቅ ሞተር ሳይሆን ዝቅተኛውን ማርሽ መጠቀም፣ ካልበቃም ፑሊዎቹን ቀይሮ ሞተሩ ራሱ በፍጥነት እየዞረ ስፒንድሉ ቀስ እንዲል ማድረግ ነው። ስለ ፕላስቲክ ማርሾቹ ባይጠይቁንም፣ በብረት ለመቀየር አይቸኩሉ፤ ቢላ ሲሰነቀር የሚሰበረው ርካሹ ክፍል እነሱ እንዲሆኑ እንፈልጋለን። ትርፍ ማርሽ መሳቢያ ውስጥ ያኑሩ።

አንድ ነገር እንጨምር። ከሰዓት በኋላ በቤት ውስጥ በሽርጥ መሆን የከተማችን ወግ ነው፣ እኛም እናውቀዋለን፤ ቶርኖ ፊት ግን በሽርጥ አይቆምም። ጓንት፣ የተንጠለጠለ እጅጌ፣ ፎጣም እንዲሁ። ተጠቅልሎ የሚወጣውን የብረት ፍቅፋቂ ማሽኗ ቆማ በመንጠቆ ይሳቡት እንጂ በጣት አይንኩት።

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከሐረር፣ ከጀጎል ውስጥ ነው። የእኔም ቶርኖ ያችው ዓይነት ስትሆን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ካርዷ ተቃጠለ። ካርዱን መልሼ ከምገዛ ተራ ባለ 220 ቮልት ሞተር በፑሊና በቺንጋ ልገጥምላት አስቤአለሁ። ያዋጣኛል? ምንስ ልጠንቀቅ?
አንባቢ፣ ሐረር

መልስ፦ ያዋጣል፤ ነገር ግን አስቀድመው የተቃጠለውን ካርድ ሳጥን ከፍተው ይመልከቱ። ውስጡ የብረት ብናኝ ካገኙ ገዳዩ መብራቱ ላይሆን ይችላል፤ የሞተሩ ካርቦኖች አልቀው ብልጭታ ሲያበዙም ካርዱ ይጎዳል። ካርዱን መልሰው የሚገዙ ከሆነ ደህና ስታቢላይዘር ከፊቱ ያድርጉ።

ሞተር መቀየሩን ከመረጡ 0.75 ኪሎዋት የሆነ፣ በአገራችን 50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ በደቂቃ 1,440 ዙር ገደማ የሚዞረው ይስማማል። በእንዲህ ያለ ሞተር ፍጥነት የሚቀየረው ቺንጋውን ከእርከን ወደ እርከን በማዛወር ብቻ ነው። ሞተሩን በቀጥታ ከስፒንድሉ ጋር ከማገናኘት ይልቅ በመካከል በሁለት ኩሽኔታ ላይ የሚዞር ዘንግ ያስገቡ። በሞተሩ ላይ 60፣ 90 እና 120 ሚሊሜትር እርከን ያለው ፑሊ፣ በመካከለኛው ዘንግ ላይ ደግሞ በተገላቢጦሽ 180፣ 150 እና 120 ቢደረግ፣ የየጥንዱ ድምር እኩል 240 ስለሚሆን አንዱ ቺንጋ ለሦስቱም ይበቃል፤ መካከለኛው ዘንግም 480፣ 864 እና 1,440 ዙር ይሰጣል። ከዚያ ወደ ስፒንድሉ በግማሽ ቢቀነስ 240፣ 432 እና 720 ይሆናል፤ የማሽኗ የራሷ ዝቅተኛ ማርሽ ይህንን እንደገና ከግማሽ በታች ስለሚያወርደው እስከ 100 ዙር አካባቢ መድረስ ይቻላል። ለብረት ሥራ ከዚህ በላይ እምብዛም አያስፈልግም፤ ጥቃቅን የአሉሚኒየም ሥራ የሚያዘወትሩ ከሆነ ግን ከፍተኛው ፍጥነት ያንስብዎታል።

መካከለኛውን ዘንግ በግድግዳ ላይ አይትከሉ። የጀጎል ቤቶች ግድግዳ ከጎረቤት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ንዝረቱ ሌላ ሰው ሳሎን ይገባል፤ ቅርስነቱም አለ። ሁሉንም በማሽኗ እግር ላይ ይሰሩትና ሞተሩን ከሥሩ በወፍራም ጎማ ላይ ያስቀምጡ፤ ባለ አንድ ፌዝ ሞተር በባሕርይው ስለሚያጉረመርም ያለ ጎማ ከተገጠመ ምልክቱ በተላገው ገጽ ላይ ይነበባል።

ዋናው ጥንቃቄ ማብሪያው ላይ ነው። ተራ ማብሪያ ከተገጠመ፣ መብራት ጠፍቶ እርስዎ እጅዎን ቻኩ ላይ እንዳኖሩ ሲመለስ ማሽኗ በራሷ ትነሣለች። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ተላቆ፣ ሰው እንደገና ካልተጫነው በቀር የማይያያዝ ኮንታክተር ይግጠሙ፤ ወጪ የሚቀነስበት ቦታ ይህ አይደለም። የማሽኗ አካል ከመሬት ሽቦ ጋር መገናኘቱን፣ የመሬት ሽቦውም በእርግጥ መሬት መያዙን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን በመሣሪያ ይለካልዎት፤ ደረቅና ድንጋያማ መሬት ላይ የተተከለ ዘንግ ብዙ ጊዜ ለስሙ ብቻ ነው። የሞተሩ ካፓሲተር ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ኤሌክትሪክ ሊይዝ እንደሚችል አይዘንጉ።

ጥያቄ፦ በትንሽ ቶርኖ የግማሽ ኢንች የውሃ ቧንቧ ጥርስ ማውጣት ይቻላል? ሰረገላውን የሚነዳው የማሽኗ መሪ ጠመዝማዛ ባለ 1.5 ሚሊሜትር ነው።
አንባቢ፣ መጋላ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ማያያዣ ክፍል ከሆነ ይቻላል፤ ረጅም ቧንቧ ከሆነ ግን አይቻልም፣ ምክንያቱም የግማሽ ኢንች የብረት ቧንቧ የውጭ ስፋቱ 21 ሚሊሜትር ያልፋል፣ የዚህ ዓይነት ማሽን የስፒንድል ቀዳዳ ደግሞ 20 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ በውስጡ አያልፍም። ለቧንቧው ጫፍ የቧንቧ ሠራተኞች የእጅ መሣሪያ ይበቃዎታል።

ለማያያዣው፣ የግማሽ ኢንች ቧንቧ ጥርስ በአንድ ኢንች 14 ነው፤ ይህም ከአንዱ ጥርስ እስከ ሌላው 1.814 ሚሊሜትር ማለት ነው። ከ1.5 ጠመዝማዛ ይህን በትክክል የሚሰጠው የማርሽ ጥምረት 127 ለ105 ነው። ባለ 127 ጥርሱ ማርሽ ለትንሽ ማሽን ትልቅ ስለሚሆን ቦታ ካላገኘ 40 ለ33 ይጠቀሙ፤ በ15 ሚሊሜትር ርዝመት ላይ የሚያመጣው ስሕተት 0.03 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ በቴፍሎን ተጠቅልሎ ውሃ አያፈስም። የቢላው ጫፍ በ60 ሳይሆን በ55 ዲግሪ መሞረድ አለበት፤ ለቡሎን የሞረዱትን ቢላ ከተጠቀሙ ጥርሱ የሚገጥም መስሎ በጎኑ ያፈሳል።

የሜትር ጠመዝማዛ ላይ የኢንች ጥርስ ሲወጣ ሰረገላውን ከጠመዝማዛው ጋር የሚያያይዘውን መቆለፊያ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ አይክፈቱ፤ ከከፈቱት ቢላው የቀደመውን ፈለግ አያገኘውም። አንድ ጊዜ ልገው በጨረሱ ቁጥር ቢላውን ወደ ኋላ አውጥተው ማሽኗን በተቃራኒ በማዞር ይመልሱት። እንደ ሐረሩ ጠያቂያችን ባለ አንድ ፌዝ ሞተር የገጠማችሁ፣ አቅጣጫውን የምትቀይሩት ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከቆመ በኋላ ይሁን፤ እየዞረ ሳለ ማብሪያውን ብትገለብጡት በያዘው አቅጣጫ መዞሩን ይቀጥላል፣ ቢላውም ከቻኩ ጋር ይጋጫል።